ከድልድዩ ወዲህ የቀሩ ሁለት ክረምቶች

ቨርሊን ቶስትሩድ ዓሣ በማጥመድ የተመሰገነ ሰው አልነበረም። አብረውት የሚሄዱት ሰዎች፣ ጀልባ ላይ ከቨርሊን ይልቅ የዳቦው ሳጥን ይጠቅማል እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱ የተካነው ጉዞ በማሰናዳት ነው።

ከብት ከሰው በሚበዛበት በምዕራብ ዊስኮንሲን ለአርባ ዓመት የወተት ቦቴ ሲነዳ ኖሯል። የእያንዳንዱ ገበሬ ደጅ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ያውቅ ነበርና ልማዱ ወደ ዓሣው ጉዞም ተሻገረ። ጥር ሲገባ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ካርታውን ዘርግቶ ለጓደኞቹ ደብዳቤ ይጽፋል። ማን ዱቄት፣ ማን መጥበሻ፣ ማን ቤንዚን እንደሚይዝ አንድ በአንድ ይደለድላል። አምና ቅቤ የረሳ ሰው ዘንድሮ እጥፍ አድርጎ እንዲያመጣም ያሳስባል። የካቲት ላይ ከድንበሩ ማዶ ካናዳ፣ ሐይቁ ዳር የእንጨት ቤቶች ለምታከራየው ለኦድሪ ይደውላል። ኦድሪ መጀመሪያ የምታወራው ስለ በረዶው ውፍረት ነው፤ ቀጥላ ስለ ባሏ ወገብ። ባሏ ከሞተ በኋላም የበረዶውን ወሬ ስትጨርስ የወገቡን ተራ ዘላ ወደ ሌላ ወሬ ታልፋለች።

ሲጀምሩ ስድስት ወንዶች ነበሩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱን ልብ ድካም ወሰዳቸው፣ አንዱን ጉልበቱ አስቀረው፣ አንዱ ልጁን ተከትሎ ወደ ሞቃት አገር ሄደ። የቀሩት ቨርሊንና የሚስቱ ወንድም ለሮይ ብቻ ናቸው። ለሮይ ከብት አርቢ ነው፤ ግዙፍ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቀልዱ ከባድ። ጀልባውን የሚነዳ እሱ ነው፤ ዎልአይ የሚሉት ዓይነ ብርጭቆ ዓሣ በየትኛው ድንጋይ ሥር እንደሚተኛ የሚያውቅም እሱ።

አንድ ዓመት ድንበሩን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ያለው የኬላ ሹም ምን እንደጫኑ ቢጠይቃቸው፣ ለሮይ ወደ ቨርሊን እያመለከተ፣ «አማቼን ብቻ፤ ከፈለጋችሁ እዚሁ አስቀሩት» አለ። ሹሙ አልሳቀም። ዕቃውን ሁሉ አስወርዶ መንጠቆ በመንጠቆ ሲፈትሽ ሁለት ሰዓት አቆማቸው። ከዚያ ወዲህ ድልድዩ ሲቃረብ ቨርሊን አፍህን ያዝ ይለዋል፤ ለሮይም ከንፈሩን በጣቶቹ ቆንጥጦ ይሻገራል። ቨርሊን ከዓሣው ይልቅ እንዲህ ያለውን ነበር ዓመቱን ሙሉ እያነሳ የሚስቀው።

ወረርሽኙ የገባ ጊዜ ሁለቱ መንግሥታት ድንበሩን ለሠላሳ ቀን ዘጋን አሉ። ሠላሳ ቀን ምን አላት ብሎ ቨርሊን የሰኔውን ቀጠሮ አልነካም። ከዚያ ሌላ ሠላሳ ቀን ተጨመረ። ሰኔን ወደ ሐምሌ፣ ሐምሌን ወደ መስከረም ገፋ። ደብዳቤውን በጻፈ ቁጥር የሚሰርዘው እየበዛ ሄዶ መጨረሻ ላይ ከምግቡ ዝርዝር በቀር ሳይሰረዝ የቀረ አልነበረም። ኦድሪ በየሳምንቱ ትደውል ጀመር። ጀልባዎቹ ዓመቱን ሙሉ እንደተደፉ ናቸው፣ ግን ሣሩን አጭዳለሁ አለችው። ለማን ነው የምታጭጅው ቢላት፣ «እንጃ፤ ካላጨድኩት የተዘጋ ይመስላል» አለች።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የለሮይ ሚስት ኮሪን በበሽታው ተይዛ ሆስፒታል ገባች። ጠያቂ መግባት ክልክል ነበር። ከቀብሯ በኋላ ለሮይ ስለዚያ ሰሞን ለማንም አንዲት ቃል አልተናገረም።

ክትባቱ ሲመጣ ቨርሊንና ሚስቱ ማርዲስ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈው ተከተቡ። ቨርሊን ወጥቶ ገና መኪናው ውስጥ ሳለ ስለ ጉዞው ያስብ ነበር። ድንበሩ ሲከፈት ለተከተበ ብቻ ነው የሚከፈተው የሚል ወሬ ነበርና፣ በሚቀጥለው እሑድ ለሮይ ለምሳ ሲመጣ ጉዳዩን አነሳው።

«ጥጃዎቼን እኔው እከትባለሁ» አለ ለሮይ ድንቹን እየቆረጠ። «እኔን ግን ማንም አይከትበኝም።»

«ጥጃዎቹን አስፈቅደሃቸው ታውቃለህ?»

«ጥጃ እምቢ ማለት አይችልም። እኔ እችላለሁ።»

ማርዲስ ሳቀች፤ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ በቀልድ ያልፍ ነበር። ቨርሊን ግን አንድ ዓመት ሙሉ የሰረዘው ቀጠሮ ሆዱ ውስጥ ተጠራቅሞበት ነበር። ከጋዜጣ ያነበበውን ደረደረ። ለሮይ ከሌላ ቦታ የሰማውን መለሰ። ድምፅ ከፍ አለ። በመጨረሻ ቨርሊን፣ «ኮሪን ይህ ነገር ደርሶላት ቢሆን ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ ነበረች» አለ።

ለሮይ ሹካውን አስቀመጠ። ኮፍያውን አንሥቶ፣ እህቱን ስለ ምሳው አመስግኖ ወጣ። ማርዲስ ባሏን ቀና ብላ አላየችውም። ሳህኖቹን አንድ በአንድ አጠበች፤ ሊያግዛት ቢመጣ፣ «ሂድ፣ ካርታህን ዘርጋ» አለችው።

አምስት ወር ተዘጋጉ። በለሮይ እርሻ በር ሲያልፍ ቨርሊን መኪናውን ያዘገያል፤ ግን አይታጠፍም።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ለተከተቡና በሦስት ቀን ውስጥ ለተመረመሩ አሜሪካውያን ድንበሩ ተከፈተ። ኦድሪ በዚያው ቀን ደወለች። ቦታውን ለመሸጥ ተስማምታለች፤ ይህ መስከረም የመጨረሻዋ ነው፤ ትልቁን ቤት ለእሱና ለለሮይ ይዛላቸዋለች። ቨርሊን ስልኩን ዘጋ። ለሮይ መሄድ አይችልም። ብቻውን መሄድ ደግሞ አልፈለገም። ማርዲስን ልቅር ይሆን ብሎ አማከራት።

«እኔስ?» አለች።

«አንቺ ምን?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሻንጣህን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ቦታው ምን እንደሚመስል አላውቅም። ማን ጠርቶኝ ያውቃል?»

በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ላይ ስሟ አንድ ቀን እንኳ አልሰፈረም፤ ቨርሊን ይህን ያሰበው ገና ያን ጊዜ ነው። የመስከረሙን ጉዞ ዝርዝር አወጣና ስሟን ከላይ ጻፈ።

ከመሄዳቸው በፊት ወደ ለሮይ እርሻ ታጠፈ። ለሮይ አጥር እየጠገነ ነበር። ቨርሊን ከመኪናው ወርዶ፣ ስለ ኮሪን የተናገርኩት ከአፌ መውጣት አልነበረበትም፣ ይቅር በለኝ አለው። ለሮይ ሽቦውን ጠምዝዞ ጨረሰ።

«ዘጠኝ ቀን የሆስፒታሉ መስኮት ሥር ቆሜያለሁ» አለ። «እጇን ታነሣልኝ ነበር። በዘጠነኛው ቀን መጋረጃው ተዘግቶ አገኘሁት። አንዲት ነርስ ወጥታ ስሜን ጠየቀችኝ። ለሰው ሕይወት ፈርተው እንደከለከሉኝ አውቃለሁ፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን በር የዘጉብኝ ሰዎች ናቸው ክንድህን ስጠን የሚሉኝ። አልሰጥም። አንተ ልክ ልትሆን ትችላለህ፤ እኔ ግን አልሰጥም።»

ቨርሊን የአጥሩን እንጨት ያዘለት። ጥቂት ቆይቶ ለሮይ ከማን ጋር እንደሚሄድ ጠየቀው።

«ከማርዲስ ጋር።»

«እህቴ? ጀልባውን ማን ይነዳል?»

«እኔ።»

ለሮይ ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከመኪናው የመኖ ከረጢት አውጥቶ ጀርባው ላይ በእርሳስ ሐይቁን ሳለ። ሦስቱ ጥዶች ከትንሿ ደሴት ጫፍ ጋር ሲገጥሙ ሞተሩን አጥፋ፣ ነፋሱ ከደቡብ ከሆነ ራቅ በል፣ እዚህ ያለው ድንጋይ ሁለት ጊዜ የሞተር ዘንግ ሰብሮብኛል እያለ አስረዳው። ሠላሳ አንድ ዓመት ለማንም ያልነገረውን ሁሉ ከረጢቱ ላይ ዘረገፈው።

ድልድዩ ላይ ወረፋው አጭር ነበር። በስልክ የሚሞላውን የድንበር መግቢያ ቅጽ ማርዲስ ሞልታዋለች፤ ቨርሊን ሦስቴ ሞክሮ ሦስቴ አጥፍቶት ነበር። ኦድሪ ከእንጨቱ ደረጃ ላይ ወርዳ ማርዲስን አቅፋ፣ «በስልክ ስንተዋወቅ ስንት ዘመን፤ በይ ግቢ» አለቻት። ሁለቱ ሴቶች ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዓሣ የሚባል ነገር አላነሡም።

በመጀመሪያው ቀን ቨርሊን ጥዶቹን ከሌሎች ጥዶች ጋር አምታታና ምንም አልያዙም። በሁለተኛው ማርዲስ ከረጢቱን ከእጁ ወስዳ፣ «ወንድሜ ሲስል ሰሜኑን ወደ ታች ነው የሚያደርገው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ» ብላ ገልብጣ ያዘችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክሯ ተወጠረ። ያወጣችው ዓሣ ቨርሊን በዕድሜው ከያዛቸው ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ነፋሱ ቆመ። ውሃው ላይ አንድ ወፍ ረጅም ድምፅ አሰማ፤ ከማዶ ሌላው መለሰለት። ማርዲስ የማጥመጃ ዘንጓን ጭኗ ላይ አጋደመች።

«ይህን ሁሉ ዓመት ለራስህ ደብቀኸው ነበር» አለችው። የቁጣ አነጋገር አልነበረም።

ኦድሪ ያን መኸር ቦታውን አስረክባ ከተማ ውስጥ ትንሽ ቤት ተከራየች። በዓመቱ መስከረም ሲያልቅ ያልተከተበ ሰውም እንዲሻገር ተፈቀደ። በተከታዩ ሰኔ ሦስቱ በአንድ መኪና ሄዱ። ለሮይ ድልድዩ ላይ ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ አለፈ። ኦድሪ ምሳ አበላቻቸው፤ ጀልባ ከሌላ ሰው ተከራዩ።

ከኦድሪ የቀድሞ ቦታ ፊት ለፊት ሲደርሱ ለሮይ ሞተሩን አጠፋ። ቤቶቹ አዲስ ቀለም ተቀብተዋል። የጀልባ ማቆሚያው ላይ የማያውቋቸው ሰዎች ቆመው እጃቸውን አነሡላቸው፤ እነሱም አነሡ።

«እኔም ኮሪንን አምጥቻት አላውቅም» አለ ለሮይ።

ማርዲስ ከፊት ተነሥታ፣ ጀልባው እየተወዛወዘ፣ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ነፋሱ ቀስ እያለ ወደ ደሴቲቱ ወሰዳቸው፤ ማንም ሞተሩን ለማስነሣት አልቸኮለም።