የጥልፉ ኮምፒውተር ፊት

አስኮ መንገድ ዳር ባለው ጥልፍ ቤታችን ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። የጥልፍ ማሽኑን የሚያዘው እሱ ነው። የተጫነበት ሲስተም በማውስ መሥራት ገና ሲጀመር የወጣ ነው አሉ። የማሽኑ ፕሮግራም በአዲስ ኮምፒውተር አልሠራ ስላለ ልንጥለው አልቻልንም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ እንግሊዝኛ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ካልሆነ አላነብም። ግን ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚመጡትን ትንንሽ የዲዛይን ስዕሎች እንደሚመቸኝ ደርድሬያቸው ነበር፤ የጀለቢያውን አንገት ከላይ፣ የቀሚሱን ከመሀል፣ የመዘምራኑን ልብስ ከታች ጥግ። እጄ ሳላስብ ይሄድ ነበር።

ደንበኞች ዲዛይን የሚመርጡት ከስክሪኑ ላይ ነው። አንዷ ሙሽራ የስክሪኑን አሮጌ መልክ አይታ ስለሳቀች አሠሪዬ እትዬ ተናደዱና ከጦር ኃይሎች ሰፈር ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠሩ።

«ሼል ይባላል ማዘር» አላቸው። «ውስጡ ያው ነው፤ የሚቀየረው ሲከፈት የሚታየው ፊቱ ነው። ሦስት ዓይነት አለኝ።»

ሦስቱንም እየጫነ አሳያቸው። እሳቸው ሁለተኛው ላይ ቀሩ፤ አዲስ ኮምፒውተር የሚመስለው፣ ከታች ቁልፍ ያለው፣ ሲነኩት የእንግሊዝኛ ቃላት ተደርድረው የሚወጡበት። እኔ ክር እያጠነጠንኩ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

«ልጅቷስ? የምትሠራበት እሷ አይደለች?» አለ ጠጋኙ።

«እሷ ምን ታውቅና! ክሯን ትቀይር» አሉት።

ቀኑን ሙሉ እዚያ ስክሪን ፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ። ግን ሰው ሲያየኝ ቃል ይጠፋኛል፤ ክሬን ማጠንጠኔን ቀጠልኩ። ስዕሎቹን የደረደርኩበትም በዚያው ጠፋ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ዲዛይን ቃል እየለቀምኩ መፈለግ ሆነ። ደንበኛ ጀርባዬ ላይ ይተነፍሳል፤ እትዬ «ቶሎ በይ እንጂ!» ይላሉ። ኮምፒውተሩም ከበደው፤ ማውሱን አንቀሳቅሼ ቀስቱ እስኪከተለኝ እጠብቃለሁ። አንድ ቅዳሜ የሰፈራችን ቸርች መዘምራን ለእሁድ የሚለብሱትን እየጠለፍኩ ሳለ ስክሪኑ ደረቀ፣ ማሽኑም መስቀሉን እኩል ላይ አድርሶ ቆመ። አጥፍቼ ሳስነሳው ከመጀመሪያው ጀመረና በተሠራው ላይ ትንሽ ሸርተት ብሎ ደገመበት። ልብሱ ተበላሸ።

«ምን ነካካሽበት?» አሉ እትዬ፣ ልብሱን ሊወስድ በመጣው ሰውዬ ፊት። «በቃ፣ የተማረች ልጅ አመጣለሁ። አንቺ ክር ትቆርጫለሽ።»

ማሽኑን የለመድኩት ማንም ሳያስተምረኝ ነው። ያንን ወንበር በአንድ ያማረ ቁልፍ ምክንያት ሊነጥቁኝ ነው!

ጠጋኙ ተጠርቶ መጣ። ጥቂት ነካካና «ሜሞሪው አልቻለውም። ያማረ ፊት ብዙ ይበላል» አለ።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርክም?» አሉት እትዬ።

«ማዘር፣ እርስዎ ወደዱታ! እኔ ምን ልበል?» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ነው ያናገረኝ። «እኔ ልምረጥ!» አልኩ። ድምፄ ከሳቁ በላይ ወጣ፤ የተቀመጡት ደንበኞች ሁሉ ዞሩ። እኔ ግን አላቆምኩም። «ሦስተኛውን ጫንልኝ። ያንን ትልልቅ ሳጥን ብቻ ያለውን።»

«እሱማ አስቀያሚ ነው፣ የኔ ቆንጆ። አመድ ነው የሚመስለው።»

«ቀኑን ሙሉ የማየው እኔ ነኝ። አንተ አታየውም። እትዬም አያዩትም።»

እትዬን አየት አደረጋቸው። እሳቸው የተበላሸውን ልብስ እያጣጠፉ ነበር። ጫነልኝ። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ የት እንደሚያስቀምጥ እየነገርኩት፣ የጀለቢያውን ከላይ፣ የመዘምራኑን ከታች ጥግ አስደረግሁት።

የተማረችው ልጅ አልመጣችም። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ መሀል ላይ ቆሞብኝ አያውቅም። እትዬ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ደንበኛ ሲገባ ተነስተው አስቀያሚ ፊቱ እንዳይታይ ስክሪኑን በቁራጭ ጨርቅ ይሸፍኑታል፤ ዲዛይኑን ከናሙና ጨርቅ ላይ ያስመርጣሉ። ሲጨርሱ ጨርቁን አንስቼ ከወንበሬ ሥር እጥለዋለሁ። እሳቸው ያነሱታል። እኔ መልሼ እጥለዋለሁ።