የአራስ ገንፎ

ነዳጅ በተወደደባቸው ዓመታት ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ ሥራ ያልበዛበት ሰው አልነበረም። ባለቤቴ ገረመው በስተሰሜን፣ ነዳጁ በሚወጣበት ካምፕ ሺፍት ላይ ስለነበር ሁለተኛ ልጃችንን ስወልድ የጸለየልኝ በስልክ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ደግሞ አራስ ብቻዋን እንደማትተው ስለሚያውቁ፣ እያንዳንዷ ሌላዋ እኔ ጋ ያለች መስሏት ኦቨርታይሟን ገባች። ደውዬ ልለምናቸው? አላደርገውም።

ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት፣ ስካይቪው ራንች በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ሕፃኑን አስተኝቼ ገንፎ ሳማስል እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። እጄ ስላልተመቸኝ ስፒከር ላይ አደረግኳት።

"የማማሰያ ድምፅ ይሰማኛል። ማን ናት የምታገነፋልሽ?"

"የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፣ እማዬ።"

"ጌታ ይባርካቸው። እስቲ አንዷን አገናኚኝና ላመስግናት።"

የአራት ዓመቷ ልጄ ናሆሚ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

"እማማ፣ ሰው የለም እኮ። ማሚ ናት የምትሠራው።"

ማማሰሉን አቆምኩ።

"ናሆሚዬ" አለች እናቴ፣ "ወንበር አቅርቢላት። ተቀምጣ ታማስል።"