«ሕዝብ» የሚባለው ሰውዬ

ባለፈው ዓመት፣ የሰርጉ ወር ሊያልቅ ሲል የሆነ ነው። ዛሬም ብቻዬን ስሆን ትዝ እያለኝ እስቃለሁ።

ሰቆጣ ውስጥ ሰርግ እቀርጻለሁ። በየገጠሩ የሰማሁትን የሰርግ ዘፈን የምጭንበት ድረ ገጽም አለኝ። ከየዘፈኑ ሥር «ግጥም፦ ሕዝብ» ብዬ እጽፋለሁ። ሁሉም እንደዚያ ስለሚጽፍ ትክክል መስሎኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከደሃና ወረዳ የመጡ እናት የቪዲዮ ሱቄ ገቡ። ወይዘሮ ዝማም ይባላሉ።

«በሕግ አምላክ!» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ሕዝብ የሚሉትን ሰውዬ አምጭልኝ!»

«የቱን ሰውዬ እናቴ?»

«ግጥሜን የወሰደውን ነዋ! ጅዳ ያለችው ልጄ በስልኳ ሰምታ ነገረችኝ። እኔ ለሰርጓ የገጠምኩላትን ሕዝብ ገጠመው ተብሏል አለች። የማን ልጅ ነው?»

ሳቄ መጣ፤ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሳይ ዋጥኩት። ልጅቷ ካገባች ብዙም ሳትቆይ ነው ለሥራ የተሰደደችው።

ዘፈኑን ከፈትኩት። ሌላ ሰርግ ላይ ሌላ ሴት ስታዜመው የቀረጽኩት ነው።

ውሰዷት አልልም፣ መልሷት አልልም፣
ግማሽ ልቤ ሄዷል፣ ግማሹ አይችልም።

ቀረጻው እዚያ ላይ ያልቃል። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጠሉ። የልጃቸውን ስም፣ የመንደራቸውን ወንዝ ሁሉ እያነሱ እስከ መጨረሻው አወረዱት። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

«እናቴ፣ ሕዝብ ሰው አይደለም። ሕዝብ ማለት ሁላችንም ነን» አልኳቸው።

«እና ሁላችሁም ናችሁ የሰረቃችሁኝ?»

ጠበቃ ለሆነ ጓደኛዬ ደወልኩ።

«ባለቤቲቱ ፊትሽ ተቀምጠው ሕዝብ ትያለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። «የገጠመ ሰው ስሙ ሊጠራ መብቱ ነው። ፈቃዳቸውን ጠይቂ። እንቢ ካሉ ከገጽሽ አውርጂው።»

ከድረ ገጼ እንደዚያ ዘፈን የተወደደ የለም። ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳቸው። በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉተመተሙና «ዘፈን ታስሮ አይቀመጥም፤ ይዘፈን» አሉ። «ስሜን ግን እንዳትጥይው!»

ወዲያው «ሕዝብ»ን አጥፍቼ ስማቸውን ጻፍኩ። ማንበብ ስለማይችሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩ። ከዚያ ጅዳ ደውለን ልጃቸው ገጹን ስትከፍት፣ ከወዲያ እሷ፣ ከወዲህ እሳቸው እልልታውን አቀለጡት። ጎረቤቴ ጨርቅ ሻጩ «የማን ሰርግ ነው?» እያለ ሮጦ መጣ።

ወሬው ደሃና ቀድሞኝ ደረሰ። አሁን ለቀረጻ ስሄድ ሴቶቹ ግጥማቸውን ሳይጨርሱ ስማቸውን ከነአባታቸው ካሜራው ላይ ይጮኹብኛል። ሙሽሮቹ ቆመው ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ እንደዚህ ደስ ብሎኝ ሰርግ ቀርጬ አላውቅም።