ከቀኝ የሚገለጠው መጽሐፍ

በደርግ ጊዜ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ይመስላል፣ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ኮምፒውተር ገባ። ሳፊያ ከደሴ እየተመላለሰች እዚያ በታይፒስትነት ትሠራ ነበር። ኮቦል የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የቻለ ሰው ኮምፒውተሩን ይረከባል ተባለ። ቋንቋውንም፣ የተጻፈውን ለማሽኑ የሚተረጉመውን ኮምፓይለርም የሚያስረዳው ቀጭን መጽሐፍ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ኮምፒውተሩን ሊያስተክሉ ከአዲስ አበባ የመጡት የአቶ ፍስሐ ነው። ሳፊያ ለምና ለዐሥር ቀን ተዋሰችው። ፎቶ ኮፒ ማስፈቀድ ያኔ የማይሞከር ነገር ነበር።

አባቷ ሼህ ዘይኑልአቢዲን ዕድሜ ልካቸውን የዐረብኛ ኪታብ በእጃቸው ሲገለብጡ የኖሩ ናቸው። መጽሐፉን አገላብጠው አዩና፣ «ምን ይላል?» አሏት።

«እኔም ገና አልገባኝም፣ አባባ።»

«እንግዲያ እኩል ነና። በይ ቀለሙን አምጪው።»

እንግሊዝኛ አንዲት ፊደል አያውቁም። ቅርጹን እየሳሉ፣ ነጥብ ሳይስቱ በዘጠኝ ቀን ጨረሱት። ሲጠርዙት ግን እጃቸው እንደለመደው እንደ ኪታብ ከቀኝ የሚገለጥ አደረጉት። ሳፊያም ይፈታ አላለችም።

ቢሮ ስታወጣው አንዱ፣ «መውሊድ ልታነቢልን ነው?» ብሎ አሳቃቸው። እሷ ግን ከመጽሐፉ እያየች ሁለት ወር ሙሉ ተማረች። የመጀመሪያ ሥራዋን ስታስገባ ኮምፓይለሩ አንድ ስሕተት አላወጣባትም።

አቶ ፍስሐ በእጅ የተገለበጠውን መጽሐፍ አንሥተው፣ «ጸሐፊው የት ነው የተማሩት?» አሉ።

«ቦሩ ሜዳ፣ ኪታብ ቤት» አለች ሳፊያ፣ ቀና ብላ።

ማሽኑን ተረከበች። ከሷ በኋላ የመጡትም ኮቦልን ከቀኝ እየገለጡ ተማሩ።