አቶ ደቂቃና የሚስቱ ታብሌት

የእህቴን ባል እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን «አቶ ደቂቃ» ነው የሚለው። ሰዓት ሠሪ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ደንበኛ «መቼ ልምጣ?» ብሎ ሲጠይቀው «ነገ» ወይም «ከሰዓት በኋላ» ብሎ አያውቅም። «ለስምንት ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው» ይላል። በተባለው ደቂቃ ሲመጡም ሰዓቱ ተሠርቶ፣ ተወልውሎ፣ በትንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ ይጠብቃል። ሱቁ ከአውቶቡስ ጣቢያው አጥር ጋር የተለጠፈች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚያወራባት ክፍል ናት። እዚያች ውስጥ አጉሊ መነጽሩን ግራ ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ትንፋሹን ውጦ የሰው ሰዓት ሲፈታ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው።

አፈታቱም የራሱ ነው። መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋል። የነቀላቸውን ብሎኖችና ባለጥርስ መዘውሮች በተነቀሉበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራል፤ በደብተሩ ላይም ቁጥር ይሰጣቸዋል። ሲገጥም ከቀኝ ወደ ግራ ይመለሳል። በዚህ መሀል ሰላም ያለው ሰው መልስ አያገኝም። እኔ ከጎኑ ባለችው ክፍል ልብስ ስለምሰፋ ጠባዩን ለምጄዋለሁ፤ ያልለመደው ደንበኛ ግን ተቀይሞ ይሄዳል።

እቴቴን፣ ማለትም ታላቅ እህቴን፣ ያገኛት በድምጿ ነው። በጣቢያው ድምፅ ማጉያ የአውቶቡሶችን መነሻ የምትናገረው እሷ ነበረች። «ሦስተኛው መስመር፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ተሳፋሪዎች ወደ በሩ ቅረቡ» ስትል ጋሼ የግድግዳ ሰዓቶቹን በሷ ድምፅ ያስተካክል ነበር። አንድ ቀን ሁለት ደቂቃ ዘግይታ ተናገረችና ሊከራከራት ወደ መስኮቷ ሄደ። ክርክሩ በጋብቻ አለቀ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንን ማይክሮፎን ይዛ ኖረች። ከዚያ ጉሮሮዋን ታመመች። ሐኪሞቹ ነገሩን ሳያድበሰብሱ ነገሯት፤ በሕይወት ለመቆየት ማንቁርቷ መውጣት አለበት፣ ድምፁም አብሮ ይሄዳል። ለቀዶ ሕክምናው የቀሩት ሁለት ሳምንታት ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር፤ ጋሼ ግን ሄዶ አቅማችን የፈቀደውን ርካሽ ታብሌት ገዛ። በየቀኑ ሱቁን ዘግቶ ድምጿን ቃል በቃል ቀዳ። «ውሃ»፣ «አዎ»፣ «የእኔ»፣ «አልነበረም»፣ «ሦስተኛው መስመር»፣ «ና ብላ»፣ «አታናድደኝ»። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆኑ። ሁሉንም በደብተሩ ላይ በተራ ቁጥር መዘገባቸው። ከእኛ ማዶ ሞባይል የምትጠግነው ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ቃላቱን በአዝራር የሚደረድር ፕሮግራም ጫነችበት። እቴቴ አዝራሮቹን በተራ ስትነካ፣ በገዛ ድምፅዋ ትናገራለች።

እቴቴ ዳነች። ታብሌቷን በማንገቻ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከሰው ጋር መጫወት ጀመረች፤ ከእኔ ጋር መጣላትም እንደ ድሮው ቀጠለች። ዓመት ያህል በሰላም ኖርን።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ታብሌቱ «አዲስ አፕዴት» አለና ራሱን በራሱ አድሶ ተነሣ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እህቴ «ውሃ» ለማለት ስትነካው፣ መጀመሪያ አንድ ጎርናና ወንድ «ዛሬውኑ ተወራርደው ያሸንፉ!» ብሎ ይጮህ ጀመር። ወንድዬው ጩኸቱን ሲጨርስ ነው የእሷ ውሃ የሚመጣው። ኢንተርኔቱን ዘጋንበት። ለካ ማስታወቂያውን ሆዱ ውስጥ አከማችቶ ኖሯል፤ ያለ ኢንተርኔትም ይለቀው ገባ። እኔ በዚህ ነገር ደሜ ይፈላል። የስፌት ማሽኔ አርጅታለች፣ ትንጫጫለች፤ ግን ቀሚስ አጋምሼ እያለሁ ቆም ብላ «ቆይ መጀመሪያ ይኼን ስሚ» ብላኝ አታውቅም። በገንዘባችን ገዝተነው፣ በእህቴ አንገት ተንጠልጥሎ፣ በእህቴ አፍ የራሱን ሸቀጥ ይሸጣል! ይኼን ያሰበ ሰው እናት የለውም?

ጉዳዩ ከንዴት አልፎ እንጀራዋ ጋ ደረሰ። እቴቴ ወደ ጣቢያው እንድትመለስና በመረጃ መስኮት ላይ እንድትሠራ አመልክታ ነበር። የሦስት ሰዎች ኮሚቴ ተሰየመላት። ማክሰኞ ዕለት እኔ፣ እሷና ጋሼ ሦስታችንም ገባን። ሊቀመንበሩ፣ ጭንቅላቱ ላይ አንዲት ፀጉር ያልቀረችው ሰውዬ፣ በዚህ ዕቃ ተሳፋሪ ማስተናገድ ትችል እንደሆነ ጠየቃት። እሷ አዝራሩን ነካች። «ዛሬውኑ ተወራርደው ያሸንፉ!» አለ ያ ጎርናና። ከኮሚቴው አንዱ፣ ወፍራሙ፣ ሳቁ አመለጠው። እቴቴ ፊቷ ሲቀላ አየሁ፤ መልሷ ሲመጣ ማንም እየሰማ አልነበረም።

ሊቀመንበሩ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ በአራት ሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ እንድትቀርብ ቀጠረን። ሥራ ላይ የምትጠቀምበትን ይህንኑ ዕቃ አስተካክላ ትምጣ፤ ወይም የምትለውን የሚናገርላት ቃል አቀባይ ይዛ ትቅረብ። ሁለቱም ካልሆነ በጡረታ ትሰናበታለች አለን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለጣቢያው ሙሉ ስትናገር የኖረች ሴት ቃል አቀባይ ትፈልግ!

ያኔውኑ ወደ ሞባይል ጠጋኟ ሮጥን። እሷም ችግሩ ቃላቱን የያዘው ፕሮግራም ላይ እንዳልሆነ አስረዳችን። ማስታወቂያው የተቀበረው ፋብሪካው በጫነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ታብሌቱን በሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም፣ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ እሱን ከነሥሩ ነቅሎ ሌላ መትከል ነው። ሌላውን ከየት እናመጣለን አልናት። ብዙ ሰዎች በያሉበት ሆነው በጋራ የሚጽፉት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚገኝ ሲስተም እንዳለና የእኛም ታብሌት ከሚቀበሉት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ነገረችን። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ሲነቀል ውስጡ ያለው ይጠፋል?»

«ሁሉም ይጠፋል፣ ጋሼ። መጀመሪያ መገልበጥ ነው።»

አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ወደ ላፕቶፕዋ ተገለበጡ። ለጋሼ ግን ያ አልበቃውም። ለማረጋገጫ ደብተሩን ዘርግቶ፣ እያንዳንዱን ቃል አዳምጦ በእርሳስ ምልክት እያደረገ እስከ እኩለ ሌሊት አመሸ። «ና ብላ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሲያዳምጠው ሰማሁ።

አሁን የቀረው ቁልፉን መክፈት ነው። ታብሌቱ የራሱን ሲስተም ለማስነቀል የሠራውን ኩባንያ ፈቃድ ይፈልጋል። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማመልከቻውን ላክን። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ለደኅንነትዎ ሲባል መሣሪያዎ ከመቶ ስልሳ ስምንት ሰዓት በኋላ ይከፈታል።» ሰባት ቀን መሆኑ ነው። ለደኅንነታችን! ቁማር አስጫዋቹ በእህቴ አፍ ሲጮህ ደኅንነታችን ያላሳሰበው ሰው፣ ልናባርረው ስንነሣ አሳሰበው። የገዛ ዕቃችንን ለመክፈት የማናውቀው ሰው ፈቃድ እየጠበቅን ቁጭ አልን። ቢሆንም ሂሳቡ ይበቃን ነበር፤ ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ ቀጠሮው ሐሙስ ነው። አንድ ቀን ይተርፈናል።

ለአቶ ደቂቃ ግን አንዷ ቀን አነሰችው። እሷ መለማመጃ ጊዜ ትፈልጋለች ብሎ ሲብሰለሰል ሁለት ቀን ቆየ። ዓርብ ጠዋት ስሙን የሚመጥን ሥራ ሠራ። ዕድሜውን ሙሉ ወደ ኋላ የቀረን ሰዓት ወደፊት ሲገፋ የኖረ ሰው አይደል? ታብሌቱን አነሣና ቀኑን በጣቱ አምስት ቀን ወደፊት ገፋው። ሰባቱ ቀን ያለቀ መስሎት ፈገግ ብሎ «ክፈት» የሚለውን ነካ። ታብሌቱም «የሰዓት ልዩነት ተገኝቷል፤ ማመልከቻዎ ተሰርዟል» አለው።

ሮጠን ጠጋኟ ጋ ሄድን። የሚቆጠረው ታብሌቱ ላይ ያለው ሰዓት ሳይሆን ኩባንያው ዘንድ ያለው እንደሆነ ነገረችን። እንደገና ስናመለክት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ቆጠራው ከዜሮ ተጀመረ። የሚከፈተው በሚቀጥለው ዓርብ ሦስት ሰዓት፣ ከቀጠሮው ማግሥት።

እኔ አልማርኩትም። ሰዓት መነካካት ሱስ ሆኖብህ የእህቴን እንጀራ ዘጋህ አልኩት። ጋሼ አጉሊ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ ተቀመጠ። እቴቴ መጣች፤ የተፈጠረውን በአጭሩ ነገርኳት። ታብሌቷን አነሣች፣ ጎርናናው ጮኸ፣ ጠበቀችው። ከዚያ «አታናድደኝ» አለች በድምጿ። በወንድ አነጋገር የተቀዳ ስለሆነ እሱን መስሎኝ ነበር፤ የምታየው ግን እኔን ነበር።

ረቡዕ ዕለት ጋሼ ሊቀመንበሩ ቢሮ ሄዶ የአንድ ቀን ብቻ ይጨመርልን ብሎ ለመነ። ሰውዬው ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል ቀጠሮ ቀጠሮ ነው ብሎ መለሰው። አቶ ደቂቃን ስለ ቀጠሮ አስተማሩት! ከቢሮው ሲወጣ እንደ ጥፋተኛ አቀርቅሮ ነበር።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ታብሌቱን እንዳለ፣ ከነጉዱ ይዘን ገባን። ሊቀመንበሩ ተስተካከለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እቴቴ ነካችው። የዚያን ቀን የወጣው ሌላ ማስታወቂያ ነበር፤ «ፀጉርዎ አልቋል? አይጨነቁ!» አለ። ወፍራሙ በዚህኛው አልሳቀም፤ ጣሪያውን አየ። የሊቀመንበሩ ራስ እስከ አናቱ ቀላ።

«ዝጊው ይኼን ነገር!» አላት።

እቴቴ ታብሌቷን ከአንገቷ አወለቀችና በሁለት እጇ አቀረበችለት። እሱም ተቀበላት፣ መነጽሩን አደረገ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንሰውን የመዝጊያ ምልክት ፈልጎ ነካ። ሁለተኛ ማስታወቂያ ተከፈተ። ያንን ሲዘጋ ጎርናናው ተነሣበት። ለወፍራሙ ሰጠው፤ ወፍራሙም «አያቅተኝም» ብሎ ጀምሮ ለሦስተኛዋ፣ ለጸሐፊዋ፣ አቀበላት። ሦስት የኮሚቴ ሰዎች አንዲት ታብሌት ላይ ተደፍተው አንድ ወንድዬ ዝም ማሰኘት አቃታቸው። እቴቴ እጇን አጣምራ ታያቸዋለች። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አነሣችና እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «እኔ ውሃ በጠማኝ ቁጥር እንዲህ ነኝ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይነቀላል። እስከ ነገ ስምንት ሰዓት ስጡኝ።»

ጸሐፊዋ ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያም ሊቀመንበሩን ሳትጠይቅ መዝገቡ ላይ «ነገ፣ ስምንት ሰዓት» ብላ ጻፈች። ሰውዬው አልተቃወመም፤ ታብሌቱ ተመልሶ እጁ ገብቶ ገና እየጮኸ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሁላችንም ጋሼ ሱቅ ውስጥ ተጨናንቀናል። ነጩን ጨርቅ አነጠፈ፤ ታብሌቱ መሀል ላይ፣ የጠጋኟ ላፕቶፕ ከጎኑ፣ ኬብሉ በመሀላቸው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ቁልፉ ተከፈተ። ጠጋኟ ሁለቱን የጎን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭና ያዘች፤ ጥቁር ገጽ ላይ ጽሑፍ ወጣ። «በመሣሪያው ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይቀጥል?» ጋሼ ሊነካ ጣቱን ዘረጋ። ሳይነካ ደብተሩን ዞር ብሎ አየ። እቴቴ የሱን ጣት ገፋ አድርጋ ራሷ ነካችው።

ጎርናናው ጠፋ፣ ፀጉር አብቃዩ ጠፋ፣ የእህቴም ድምፅ አብሮ ከዚያ ጠፋ። አዲሱ ሲስተም በመቶኛ እየቆጠረ ገባ። አንዴ ስልሳ ላይ ሲቆም ጠጋኟ ጠበቀች፤ እኔ ግን ምን እንዳልኩ ለመጻፍ አልደፍርም። ከዚያ ቀጠለ። ተዘጋ፣ ጨለመ፣ ብዙ ቆየና በራ። ባዶ ገጽ፣ ምንም የማይሸጥ፣ ምንም የማይለፈልፍ። ፕሮግራሙ ተመልሶ ተጫነ፣ ቃላቱ ተመለሱ። ጋሼ እንደ ልማዱ ከአራት መቶ አሥራ ሁለት ጀምሮ ወደ አንድ እየወረደ አዳመጣቸው። አንድም አልጎደለም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሊቀመንበሩ አንድ ተሳፋሪ ስለ ሦስተኛው መስመር ቢጠይቅሽ ምን ትያለሽ አላት። ነካችው። «ሦስተኛው መስመር፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ተሳፋሪዎች ወደ በሩ ቅረቡ።» በመተላለፊያው የሚያልፉ ሁለት ሾፌሮች ድምጿን ሰምተው ቆሙ፤ አንዱ በሩን ገፋ አድርጎ ጭንቅላቱን አስገባ። እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ኮሚቴው ሌላ ሦስት አራት ጥያቄ ጠየቃትና መለሰች። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አነሣ። ነገር ግን ሳይናገር መፈረም አልሆነለትም።

«እንዲህ ማድረግ የሚቻል ከሆነ፣ እስከ ዛሬ እኛን ለምን አንገላታችሁን?»

ጋሼ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሊል ከወንበሩ ተነሣ። እቴቴ በግራ እጇ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው፤ በቀኟ አዝራሮቹን አንድ በአንድ ነካች። በመሀል የገባ ጎርናና አልነበረም።

«እስከ ዛሬ... የእኔ... አልነበረም።»

ሊቀመንበሩ ቀና ሳይል ፈረመ።