ወንድሞች ያላት ገዢ

በሕይወቴ ብዙ ነገር ሸጫለሁ፣ ብዙ ነገርም ገዝቻለሁ። ዋጋ ሳይጠራ በፊት «ወንድሞች አሉሽ?» ተብዬ የተጠየቅሁት ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ጅማ መርካቶ የመጋረጃ ጨርቅ እሸጣለሁ። አባታችን ሲሞት መንደራ ቆጪ ሰፈር ያለውን ቤት ሸጠን ተካፈልን፤ እኔ አንዷ ሴት፣ ወንድሞቼ ደግሞ አራት። የደረሰኝ ብር በጅማ ዋጋ ኩሽና እንኳ አይገዛም። ባንክ ባስቀምጠው ዓይኔ እያየ ሊሟሟ ነው። ባል የለኝም፣ አልወለድኩም፤ ጉልበቴ ሲደክም ኪራይ የሚያስገባልኝ አንድ ጣሪያ ነበር የምፈልገው። ያቺ ገንዘብ ከጠፋች ሌላ የለኝም።

«ማዘር፣ አንድ ቦታ ልጠቁምዎት» አለኝ ደላላው። ማዘር መባል አልወድም፤ ዋጋውን ሲነግረኝ ግን ዝም አልኩ። ከቡና ከተሞቹ አልፎ፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ብዙ ተሂዶ፣ ድንጋይ ከሰል ይወጣበት የነበረ ከተማ አለ። ኩባንያው ማሽኑን ነቅሎ ሲሄድ ሰዉም ተከትሎት ሄደ። ቤቱ ግን ቀርቷል፤ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ መብራት የገባለት። «ማዕድኑ ተመልሶ ሊከፈት ነው እየተባለ ነው» አለኝ። ይኼ «እየተባለ ነው» የሚሉት ነገር ስንቱን ጉድ አድርጎታል!

የሄድን ቀን ቡናው ቀይ ሆኖ በየጓሮው ተንጠልጥሏል፤ የሚለቅመው የለም። የረገፈው መሬት ላይ ጠቁሯል። ቡና አገር ተወልጄ አድጌ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የበለጠ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ቤቶቹ ሁሉ ተቆልፈዋል፣ መስኮታቸው ላይ የከሰል አቧራ ተጋግሯል፤ ደጃፋቸው ግን ተጠርጓል። አንድም ሳይቀር። የመጥረጊያው መስመር ገና ይታያል።

«ማነው የሚጠርገው?» አልኩት ደላላውን።

«እኔ ምን አውቃለሁ ማዘር፣ ነፋስ ይሆናላ።»

ነፋስ መስመር እያወጣ ሲጠርግ አላየሁም። ዋጋውን እያሰብኩ ገፋሁበት።

ሻጩ ረጅም፣ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው። ማዕድኑ በሚሠራበት ጊዜ ፈንጂ ከመፈንዳቱ በፊት ሰው እንዲሸሽ ጥሩንባ የሚነፉት እሳቸው ነበሩ። ጥሩንባው አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ባለቤታቸው፣ እኔ እማማ የምላቸው፣ ታመው ደጅ ወንበር ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ግቢው ውስጥ ትልቁ ቤትና ከኋላው አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለ። ትልቁን ይሸጡልኛል፤ እነሱ ሰርቪሷ ውስጥ እድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ቤቱን በነፃ የሚጠብቅልኝ አገኘሁ ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ።

«ልጄ፣ ወንድሞች አሉሽ?» አሉኝ ሽማግሌው።

ደሜ ፈላ። ብቻዋን የመጣች ሴት ሲያዩ ሁሉም እንዲህ ናቸው። «ምን ያደርግልዎታል አባባ? ገንዘቡ ያለው እኔ እጅ ነው!»

«ማሎ፣ አትቆጪ» አሉኝ። ማሎ በእኛ አገር ኦሮምኛ ልመና ነው። «አሉሽ ወይ፣ እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«አራት አሉኝ! አራት ግንድ የሚያካክሉ!»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። እማማ ፈገግ አሉ፤ ጥርስ የላቸውም። «አምጫቸው እስቲ» አሉኝ።

አመጣኋቸዋ! ሴት ናት ብለው ሊያታልሉኝ ከሆነ አራት ወንድ ከኋላዬ ቆሞ ይዩ ብዬ ሥራቸውን አስፈትቼ ይዣቸው ሄድኩ። «ፊታችሁን ቋጥሩ፣ እንዳትስቁ» እያልኩ መንገዱን ሙሉ መከርኳቸው። ታናሽየው ቀልደኛ ነው፤ «እህታችን ዛሬ ዘበኛ አድርጋ ቀጠረችን» እያለ ሲያስቃቸው ደረስን።

ከየት እንደወጡ እንጃ፣ ደጃፉ ላይ አዛውንቶች ተደርድረው ይጠብቁናል። ስምንት ዘጠኝ ቢሆኑ ነው። ከየአገሩ ለማዕድኑ ሥራ መጥተው መሄጃ አጥተው የቀሩ ናቸው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጴንጤውም አለበት። የወንድሞቼን እጅ ጨብጠው አልለቅ አሉ። አንዷ እናት የታላቅየውን ትከሻ በሁለት እጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ተመስገን» አሉ። በግ ተራ እንደሚደረገው ማለት ነው። የተቋጠረው ፊት ማንንም አላስፈራም።

«ልጆቼ፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ» አሉ ሽማግሌው። «ይቺን ቁምሳጥን ከጓዳ አንስታችሁ እስከ በሩ አድርሱልኝ።»

የዋንዛ ቁምሳጥን ነው፤ እማማ ሲዳሩ የመጣ። ልብሱ እንኳ አልወጣለትም። አራቱ ወዲህና ወዲያ ሆነው አነሱት። ሽማግሌው ከኋላ ከኋላ እየሄዱ፣ «ቀስ። እኩል፣ እኩል። አንተ ረጅሙ ጉልበትህን እጠፍ» ይላሉ።  ደጅ ያሉት አዛውንቶች ሁሉም የወንድሞቼን እግር ነበር የሚያዩት። በሩ ጋ ሲደርሱ እማማ ከወንበራቸው ሆነው ለባላቸው፣ «እኔ ከዚህ እቀላለሁ» አሏቸው።

ሰምቻለሁ። ሕመሙ እያስቀባጠራቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

«በቃ፣ መልሱት» አሉ ሽማግሌው፣ ቁምሳጥኑም ወደነበረበት ተመለሰ። ከዚያ እኔ አፌን ሳልከፍት ዋጋውን ቀነሱልኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የለመኑኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከነወንድሞቼ እድራቸው ውስጥ እንድመዘገብ። ጅማ እድር አለኝ ብል፣ «አፈር ስሆን» አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ምን ይጎዳኛል? ስንመለስ «አያችሁ፣ እናንተን ሲያዩ እንዴት እንደፈሩ!» እያልኩ ጉራዬን ስነፋ ጅማ ገባሁ።

ቤቱን ቀለም ላስቀባ ሄጄ ያደርኩ ጊዜ፣ ማለዳ ላይ ጥሩንባ ቀሰቀሰኝ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ጉም ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ሰርቪሷ በር ላይ ሁለት አሮጊቶች ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ፤ እማማ አርፈዋል። ጥሩንባውን የሚነፉት ባልየው ራሳቸው ናቸው።

ተከተልኳቸው። ብቻቸውን ልተዋቸው አልሆነልኝም። በመጀመሪያው የተቆለፈ ቤት ፊት ቆሙና ነፉ። «የእድር ሰዎች! ባለቤቴ አርፋለች! ቀብሯ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው!» ከዚያ ዝም ብለው ጠበቁ። እንደሚታወቀው ከውስጥ «ሰምተናል» ይባላል። ያቺን ያህል ጠበቁ። ቀጥሎ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «ገለቶማ» አሉና ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ። ገለቶማ ማለት አመሰግናለሁ ነው፤ ለብዙ ሰው ሲባል። በየደጃፉ እንዲሁ ናቸው፤ መንፋት፣ መጥራት፣ መጠበቅ፣ ማመስገን። በተጠረገው ደጃፍ ላይ የሳቸው የእግር ዱካ ብቻ ይቀራል።

«አባባ፣ ማን አለ ብለው ነው?» አልኳቸው።

«መዋጯቸውን ከፍለው ነው የሄዱት። መስማት መብታቸው ነው።»

አንድ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ፊት ግን ከሌላው ቦታ ቶሎ አመሰገኑ። መልስ እንዳገኘ ሰው። እኔ ምንም አልሰማሁም። አልሰማሁም ነው የምለው።

ለወንድሞቼ ደወልኩ። አንጎራጎሩ፣ ግን መጡ። የሬሳ ሳጥኑን አራቱ አንስተው ከሰርቪሷ ሲወጡ፣ ሽማግሌው ከኋላ ሆነው፣ «ቀስ። እኩል፣ እኩል» አሉ።  ወይ ጉድ! ያን ቀን ቁምሳጥን አልነበረም የተሸከሙት። እማማ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው የራሳቸውን ቀብር ሲያዩ ነው የዋሉት፤ እኔ ጅሏ ደግሞ ዋጋ ቀነሱልኝ ብዬ እፈነድቃለሁ።

ቀብር ተፈጽሞ ስንመለስ አላስቻለኝም። «አባባ፣ ቤት ነው የሸጡልኝ ወይስ ወንድሞቼን ነው የገዙት?»

«ሁለቱንም» አሉ፤ እንዲህ ድርቅ አድርገው። ቀጥሎ ቁጭ አሉና ነገሩኝ። በፊተኛው ክረምት አንድ ጓደኛቸው ሲሞት አዛውንቶቹ ራሳቸው ተሸከሙት። ዳገቱ ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ሳጥኑ ወደቀ፣ ተከፈተ። ሬሳው ጭቃ ውስጥ ሲንከባለል እማማ ቆመው አዩ። «ያን ቀን ማታ፣ እኔን እንዲህ እንዳትጥለኝ አለችኝ። ከአንቺ በላይ የሚከፍል ሰው መጥቶ ነበር ልጄ። ብቻውን ነበር። መለስኩት።»

ልጮህባቸው ነበር ያሰብኩት፤ እኔው ማልቀስ ጀመርኩ።

ከወንድሞቼ ጋር ማታውኑ ወደ ጅማ ተመለስን። መኪና ውስጥ ታናሽየው አልቀለደም። ዳገቱ ላይ ሳጥኑ እየቀለለ መጣ አለኝ። መጀመሪያ የደከመው እሱ ስለነበረ ጉልበት ያገኘ መስሎት ደስ ብሎት ነበር። ኋላ ግን ከጀርባው የብዙ ሰው እግር ጠጠሩን ሲረግጥ ሰማ። ዞሮ አየ። እኔና አዛውንቶቹ ገና ከዳገቱ ሥር ነበርን፤ ከኋላው ከሽማግሌው በቀር ማንም የለም። ቀሪዎቹ ሦስቱ ይስቁበታል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሁሉም መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ታናሽየው ከዚያ ወዲህ ያን ከተማ አልረገጠም።

ማዕድኑ አልተከፈተም። ተከራይም አልመጣም። የአባቴ ቤት ገንዘብ እዚያ ጉም ውስጥ ቆሞ ቀረ። አዛውንቶቹ ተራ በተራ ሄዱ፤ ወንድሞቼም ለየቀብሩ እየቀነሱ መጡ። አንዱ አረብ አገር ተሻገረ። አንዱ አዲስ አበባ ገባ፣ ስልክ አያነሳም። ታላቅየው ወገቡን ታሞ ጫማውን እንኳ ሰው ነው የሚያስርለት። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ብቻቸውን ቀሩ።

በወር አንዴ ስኳርና ዳቦ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ስደርስ ሁልጊዜ ደጃፍ ሲጠርጉ ነው የማገኛቸው፤ የራሳቸውን ሳይሆን የተቆለፉትን። አንድ ቀን ሳላስበው መጥረጊያውን ተቀብዬ የሰማያዊውን በር ደጃፍ ጠርጌ ጨረስኩ። ወገቤን ላቃና ቀና ስል ደንግጬ መጥረጊያውን ጣልኩት። ምን እንዳስደነገጠኝ ራሴም አላውቅም።

እማማ ከተቀበሩ ወዲህ እሳቸው አንድም ነገር ለምነውኝ አያውቁም። የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ወንድሞችሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው አባባ።»

«ትከሻቸውስ?»

«ደህና ነው።»

ይኼን ብዬ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ውሸቴ ይከነክነኛል። የቀን ሠራተኛ ከቡና ከተማው እናመጣለን ብላቸው አንድ ጊዜ፣ «የቀን ሠራተኛ ሬሳ ተሸክሞ ሰዓት ያያል» አሉኝ። የእሳቸው ሬሳ ዳገቱ ላይ ሲንከባለል በሕልሜ አይቼ ስንቴ ብንን ብያለሁ!

ዘንድሮ ያው ደላላ ደወለልኝ። «ማዘር፣ ገዢ አግኝቼልዎታለሁ። ማዕድኑ ሊከፈት ነው እየተባለ ነው።» ሳቄ መጣ። ገዢው ወጣት ነው፤ በፒካፕ መኪና መጣ። ያቀረበው ዋጋ ከገዛሁበት እጅግ ይበልጣል። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቀን ነው። የእርጅናዬ ጣሪያ፣ ገንዘቤ፣ ሁሉም ሊመለስልኝ ነው። ከመኪናው ኋላ ግን አራት ጎረምሳ ዘለው ወረዱ፤ ዓይኔም ከገዢው ፊት ወደ እነሱ ትከሻ ሄደ።

«ወንድሞች አሉህ?» አልኩት።

«እነዚሁ ናቸው፣ ምነው?»

«ምንም። አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ይቺን ቁምሳጥን ከጓዳ አንስታችሁ እስከ በሩ አድርሱልኝ።»

እየተሳሳቁ ገቡ። አራቱ አነሱት። እኔ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ። «ቀስ» አልኩ፤ ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። «እኩል፣ እኩል።» ሳቃቸውን አቆሙ። ለምን እንዳቆሙ አያውቁም፤ ግን እርምጃቸው ገጠመ።

ሽማግሌው የእማማ ወንበር ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። የልጆቹን እግር እያዩ ቆዩ፤ ቁምሳጥኑ በሩ ጋ ሲደርስ ወደ እኔ ቀና አሉ። ሁሉን ያውቃሉ። ስለ ወንድሞቼ ስዋሻቸው እንደኖርኩም ያውቁ ነበር።

«እኔ ከዚህ እቀላለሁ» አሉኝ።

ወደ ወጣቱ ዞርኩና፣ ሳይጠይቀኝ፣ ዋጋውን ቀነስኩለት።