ተመላላሹ ትኩሳት

ሞጣ ሐኪም ቤት ልጄን አቅፌ ተራ ስጠብቅ፣ ከጎኔ የተቀመጠች እናት በመዳፏ ያሸችው ዳማከሴ ሸተተኝና ወንድሜ ታወሰኝ።

ቢቸና ልጆች ሳለን ትኩሳት እየተመላለሰ ይጥለው ነበር፤ ጉልበቱ ያብጥና ደግሞ ይሻለዋል። አያታችን የዳማከሴ ጭማቂ እየቀቡት፣ «ምች ነው፤ ፀሐይ ላይ አትውጣ አላልሁህም?» ይሉታል።

«አባባ፣ ከቤት አልወጣሁምኮ!»

«እንግዲያው ምቹ ሊጠይቅህ ገብቶ ነዋ!»

እየሳቀ ይቀባ ነበር። በልጅነቱ ቀበርነው።

ተራችን ደርሶ ሐኪሟ ትኩሳት የሚመላለስበትን ልጄን መረመረችው። «ወባም ምችም አይመስለኝም። ጀርም ሳይገባበት ሰውነት በራሱ የሚቆጣበት ሕመም አለ፤ በዘር ይወርዳል፤ ማስታገሻ መድኃኒትም አለው። ከቤተሰብ እንዲህ ያመመው ሰው ነበረ?» አለችኝ።

«ወንድሜ» አልኋት።

ልጄ ቀና ብሎ፣ «አባዬ፣ እሱስ ዳነ?» አለኝ።

ውሸት ነውር ነው እያልሁ ያሳደግሁት እኔ፣ «እንዳይበርድህ» ብዬ ጋቢውን አስተካከልሁለት።